ከጓሮ የወጣው ጋን

ጤና ይስጥልን፣ የእድራችን አባላት።

ማክሰኞ ከዕቃ ቤታችን ጀርባ ለሽንት ቤት ጉድጓድ ሲቆፈር፣ ወገብ ያህል ሲጠልቅ አፉ የተሸረፈ ጋን ወጣ። ውስጡ የከሰል ካውያ፣ ጡቷ የተሰበረ ጀበና፣ አንዲትም ጠገራ ብር። ካውያው አመዱ እንኳ አልተደፋም፤ ተጣድፈው የቀበሩት ይመስላል። ጠገራዋ ላይ 1780 ስላለ ዕድሜዋን በዚያ አትቁጠሩ፤ ከዚያ ወዲህ የተመቱትም የማሪያ ትሬዛ ብሮች ይህንኑ ዓመት ነው የያዙት።

ጀበናዋን ለማጠብ የቸኮላችሁ እህቶች፣ በእናታችሁ ተዉአት! በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ማሳወቅ ስላለበት፣ ነገ ወረዳ እንሄዳለን።

ግቢው ውስጥ ቀድሞ ማን ይኖር እንደነበር የምታስታውሱ አባቶችና እናቶች ቅዳሜ ጠዋት ብቅ በሉልን። ጉድጓዱ አልተከደነምና ልጆች አደራ።