ስለ አንድ መንደር ስእለትና ስለ እናንተ ኮሚናል

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፣

እንደምን ከርመዋል? የጉልበትዎ ሕመም ጋብ እንዳለልዎ እኅቴ ነግራኝ ደስ ብሎኛል፤ እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

ባለፈው በስልክ ስንጨዋወት፣ በኮንዶሚኒየሙ ሰው የሚተዋወቀው በብሎክና በቤት ቁጥር ብቻ እንደ ሆነ፣ ኮሚናሉም ሠርግ ወይም ለቅሶ ካልመጣ በቀር ተቆልፎ እንደሚከርም በምሬት ነግረውኝ ነበር። ያን ዕለት ልመልስልዎ የፈለግሁት ነገር በስልክ የሚያልቅ ስላልነበረ በደብዳቤ ማድረጉን መረጥሁ።

እኔ ካለሁበት ከሙኒክ በስተ ደቡብ፣ በተራሮች መካከል፣ ኦበርአመርጋው የሚባል ከ5 ሺሕ ጥቂት ከፍ የሚል ነዋሪ ያለው መንደር አለ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1633 ቸነፈር ገብቶ ሰው ሲያረግፍባቸው፣ መቅሠፍቱ ከራቀልን የጌታችንን ሕማምና ሞት በየዐሥር ዓመቱ በተውኔት እናሳያለን ብለው ተሳሉ፤ በማግስቱም ዓመት መክፈል ጀመሩ። ለቁልቢ ገብርኤል ተስለው ዣንጥላ ያስገቡ ሰው ስለ ሆኑ፣ ስእለት እንዴት እንደሚያስር ለእርስዎ አላስረዳም። በ2020 ሊታይ የነበረው በኮሮና ምክንያት ወደ 2022 ተዛወረና እኔም ሄጄ ለማየት በቃሁ።

መድረክ ላይ የሚወጣው የመንደሩ ሰው ብቻ ነው፤ እዚያ ያልተወለደ ዐዋቂ 20 ዓመት መኖር ይጠበቅበታል። ከትርኢቱ በፊት ባለው ዓመት፣ የእነርሱ ዐቢይ ጾም ከሚገባበት ረቡዕ ጀምሮ፣ ተሳታፊዎች ጠጉራቸውን እንዳይቆረጡ፣ ወንዶቹም ፂማቸውን እንዳይላጩ በአዋጅ ይነገራል፤ ከዚህ ነጻ የሚሆኑት የሮም ወታደር ሆነው የሚሠሩት ናቸው። ስለዚህ ዳቦ ሻጩም፣ የምግብ ቤቱ አስተናጋጅም፣ እንጨት ጠራቢውም እንደ ባሕታዊ ጎፍረው አገኘኋቸው። ትርኢቱ የራት ዕረፍቱ ሳይቆጠር አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ጀርመንኛውም ጠጠር ይላል። ሆኖም በሆሳዕናው ትዕይንት ጌታችን በአህያ ተቀምጦ ሲገባ በመቶዎች የሚቆጠር ሕዝብ መድረኩን ሲሞላው፣ አንድ ሽማግሌ ትከሻቸው ላይ የተቀመጠው ሕፃን መጮኽ ቢረሳ እግሩን ቆንጠጥ አድርገው ሲያስታውሱት አየሁና ቋንቋው ሁሉ ተፈታልኝ።

በፍቅር ብቻ የሚኖሩ እንዳይመስልዎ። ያገቡ ወይም 35 ዓመት ያለፋቸው ሴቶች እንዳይሳተፉ ይከለከሉ ስለ ነበር ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ የተፈታው በ1990 ነው፤ ትርኢቱ ወደ ማታ ይዙር አይዙር በሚለውም መንደሩ ድምፅ እስከ መስጠት ደርሷል። እኔ ባየሁት ዓመት ደግሞ ከይሁዳ ተጫዋቾች አንዱ ከቱርክ ቤተሰብ የተወለደ ሙስሊም ወጣት ነበር። ሰዎቹን ያስተሳሰራቸው፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ከጸሎቱ እኩል ይህ የማያልቅ ክርክር ነው፤ በቤት ቁጥር ብቻ የሚተዋወቅ ሰው የሚከራከርበት የጋራ ጉዳይ እንኳ የለውም።

እርስዎ ይህን ከእኔ በፊት ያውቁታል። በቀበሌው የኪነት ቡድን ሳሉ መፈክሩ ግዴታ እንደ ነበረ፣ አንዳንዱም ሳይወድ እንደ መጣ አጫውተውኛል። ስለ ድራማው ሲያወሩ ግን ለሽማግሌው ገጸ ባሕርይ ከዘራውን ከአንዱ ቤት፣ ካባውን ከሌላው ቤት መዋሳችሁን፣ ባለ ካባዋም «እንዳታቆሽሹብኝ» እያሉ በየልምምዱ መጥተው መቀመጣቸውን ሳያነሡ አያልፉም። እኒያ ሴት ካባቸውን ሊጠብቁ መጥተው የድራማውን ቃል ከተዋንያኑ ቀድመው በቃላቸው መያዛቸውን ሲነግሩኝ ዛሬም ይሥቃሉ።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው፦ ለመጪው እንቁጣጣሽ ከግማሽ ሰዓት የማይበልጥ ጨዋታ በኮሚናሉ ያዘጋጁ። ታሪኩ ሩቅ አይሂድ፤ የውኃ ፈረቃውና የደረጃ ጽዳቱ ተራ ብቻ ከበቂ በላይ ነው። ልጆቹ ይጽፉታል፣ እርስዎ ያርሙታል። የመጋረጃውንና የድምፅ ማጉያውን ወጪ እኔ እልካለሁ፤ የኮሚናሉ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ ብቻ ኮሚቴውን ይጠይቁልኝ። ተዋናይ ሲመለምሉ ግን፣ አደራ፣ በጫማ ኮቴ ምክንያት የተኳረፏቸውን የላይኛውን ፎቅ ጎረቤት አስቀድመው ይጋብዙ፤ ድምፃቸው ያለ ማጉያ ግቢውን እንደሚያዳርስ የነገሩኝ እርስዎው ነዎት።

አክባሪ ልጅዎ፣
ከሙኒክ