ዓባይን አንብባችሁ 78ን ስለዘለላችሁ

ለብስክሌት ማሠሪያ ድርጅቱ የደንበኞች ክፍል
አዲስ አበባ

ሰኔ 24፣ ከባህር ዳር

ጉዳዩ፦ በልኬ ያዘዝኩት የታይታኒየም ትራያትሎን ብስክሌት በሌላ ልክ ተሠርቶ ስለመምጣቱ

ሰላም ነው? እኔ ደህና ነኝ፣ ብስክሌቱ ግን ደህና አይደለም።

እስካሁን 3 ጊዜ ደውያለሁ። ሦስቱንም ጊዜ የተለያየ ሰው ነው ያነሳው፤ ሦስቱም ተማክረው የመጡ ይመስል «ኮርቻውን ትንሽ ወደፊት ይግፉት» አሉኝ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? እኔ ውርስ አልፈለግኩም፣ የከፈልኩበትን ብስክሌት ነው የምፈልገው። ስለዚህ ይኸው ጻፍኩ።

ጥቅምት 12 ሳዝ ለምን ታይታኒየም እንደመረጥኩ ጠይቃችሁኝ ነበር። ባህር ዳር ብስክሌት የለመደ ከተማ ነው፣ እኔም በብረት ብስክሌት ነው ያደግኩት፣ ጠባዩን አውቀዋለሁ። ላብና ክረምት ሲተባበሩበት ይዝጋል። ካርቦን ደግሞ አንዴ ከተሰነጠቀ እዚህ የሚጠግንልኝ የለም። ታይታኒየም አይዝግም፣ እኩል መጠን ካለው ብረት ጋር ሲመዘን ከግማሽ ብዙም አይበልጥም፣ ለእኛ አስፋልትም ይስማማል ያላችሁኝ እናንተው ናችሁ። ዋጋውን ስሰማ ደነገጥኩ። ከዚያ ከፈልኩ።

ያሰብኩት በዚህ ክረምት ሩዋንዳ፣ ሩባቩ፣ ኪቩ ሐይቅ ዳር የሚደረገውን የትራያትሎን ውድድር ነበር። 1.9 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 90 ብስክሌት፣ 21.1 ሩጫ። ዋናውን በገንዳ ነው የምለማመደው (ጣና ደጅህ ላይ እያለ ገንዳ ምን ያደርግልሃል እንዳትሉኝ፤ ጉማሬውም አለ፣ ቢልሃርዚያውም አለ)። ሩጫውን እንደምንም እገፋዋለሁ። የሚያስፈራኝ መሃል ያለው 90 ነው፣ ገንዘቤንም ያፈሰስኩት እሱ ላይ ነው።

በ14 ሳምንት ይደርሳል ብላችሁ ነበር፣ ማለትም ጥር 20። የደረሰው ሰኔ 9 ነው። መዘግየቱን እንኳ ትቼላችሁ ነበር፣ ዕቃው ልክ ቢሆን አንድ ቃል አልተነፍስም ነበር።

የመጣ ቀን ከሥራ በጊዜ ወጣሁ። ሳጥኑን ሳሎን መሃል አድርጌ በቢላ ስቀደው ልጆቹ ከበውኛል። መጀመሪያ ያየሁት ጽሑፉን ነው። ላይኛው ቱቦ ላይ «ዓባይ» ተብሎ ተቀርጿል፣ እንዳዘዝኩት፣ በአልፋው አ ሳይሆን በዓይኑ ዓ። እውነቴን ነው ደስ አለኝ። ያንን ስም የመረጥኩት አንድ ቀን ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን ያለውን ዳገት፣ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ፣ በዚህ ብስክሌት እወጣዋለሁ ብዬ ነው። ለትራያትሎን ብስክሌት የሚሆን መንገድ አይደለም፣ አውቃለሁ። ምኞት ነው።

በነጋታው አዲሱን ድልድይ ተሻግሬ ወደ ዘንዘልማ ነዳሁት። ክርኔን መደገፊያው ላይ አሳርፌ ጎንበስ እላለሁ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ሳላውቀው ተንሸራትቼ የኮርቻው አፍንጫ ላይ ደርሻለሁ። ወደ ኋላ እመለሳለሁ፣ እንደገና እንሸራተታለሁ። ገላዬ መቀመጥ ያለበትን ቦታ እየፈለገ ነው፣ ቦታው ደግሞ የለም።

ጎረቤቴ ግንበኛ ነው። «ጋሼ፣ ቱንቢዎን ያውሱኝ» አልኩት።
«ቤት ልትሠራ ነው?»
«የለም፣ ብስክሌት ልለካ ነው።»
ሳቀብኝ፣ ግን ውሃ ልኩንም ይዞ መጣ። ወለሉ መስተካከሉን አየን፣ ብስክሌቱን ቀጥ አድርገን አቆምን። ቱንቢውን አንዴ ከመሪው ቱቦ አናት፣ አንዴ ከፔዳሉ ማዕከል አወረድነው። ጫፉ ያረፈባቸውን ሁለት ቦታዎች ሲሚንቶው ላይ በቾክ ምልክት አደረግን። በምልክቶቹ መሃል ያለውን በሜትር ለካን፣ ከዚያ የቁመቱን ልዩነት። የኮርቻውን ቱቦ ማዕዘን ደግሞ በስልኬ። ሁለት ጊዜ ደገምነው፣ ያው ነው።

እናንተ ስታክ የምትሉት ቁመት 520 ሚሊ ሜትር ነበር ያዘዝኩት፣ የመጣው 560 ነው። ሪች የምትሉት አግድሙ 415 መሆን ሲገባው 385 ነው። የኮርቻው ቱቦ ማዕዘን 78 ዲግሪ ተብሎ 73.5። ይሄ የትራያትሎን ብስክሌት አይደለም። ማንም ሱቅ ሄዶ የሚገዛው የመንገድ ብስክሌት ቅርጽ ነው፣ የክርን መደገፊያ የተገጠመለት። ጎረቤቴ ቁጥሮቹን ከትዕዛዙ ወረቀት ጋር አስተያይቶ «ግንብ ቢሆን አፈርሰው ነበር» አለ።

አሁን ዋናው ነገሬ እዚህ ላይ ነው። የትዕዛዙን ቅጽ ሁለተኛ ገጽ አውጥታችሁ እዩት። ማዕዘን፣ 78 ዲግሪ። ከእሱ ቀጥላ ያለችው መስመር፦ ጽሑፍ፣ «ዓባይ»፣ በዓይኑ ዓ። አንድ ገጽ ነው፣ አንድ እጅ የጻፈው፣ የእናንተ ማኅተም ያረፈበት። ታዲያ ቅጹ አልደረሰንም ማለት አትችሉም፣ ምክንያቱም ዓይኑ ዓ ደርሳችኋለች። ፊደሏን አይታችሁ ከላይዋ ያለውን ቁጥር እንዴት ዘለላችሁት? ጎጃሜ ነኝ፣ ቅኔ አይከብደኝም። ውል ላይ ግን ሰምና ወርቅ የለም። 78 ማለት 78 ነው።

በስልክ «4 ዲግሪ ምን ያደርጋል» ላለችኝ የእናንተ ልጅም መልስ አለኝ። ትራያትሎን ላይ ከብስክሌት ወርደህ ትሮጣለህ። ማዕዘኑ ቀና ሲል ወገብህ ከፔዳሉ በላይ ወደፊት ይመጣል፣ ጎንበስ ብለህም የዳሌህ መታጠፊያ ሳይጨፈለቅ ትረግጣለህ።

ኮርቻ መግፋቱንም አስቤበታለሁ። የኮርቻዬ ከፍታ 74 ሴንቲ ሜትር ነው። በ73.5 ዲግሪ ኮርቻው ከፔዳሉ ማዕከል 21 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይቀመጣል፣ በ78 ዲግሪ ደግሞ 15.4። ስለዚህ 5.6 ሴንቲ ሜትር መግፋት አለብኝ። የኮርቻው ሀዲድ ከመሃሉ ወደፊት የሚፈቅደው 2 ተኩል ያህል ነው። የቀረውን 3 የት ላምጣው? ደግሞስ ገፋሁት እንበል፣ መሪው አሁንም 3 ሴንቲ ወደ እኔ የቀረበ፣ 4 ሴንቲ ከፍ ያለ ነው። ጫማ ሲጠብህ ካልሲ አውልቅ እንደማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄኛው ከልኩ ይልቅ ያስፈራኛል። የፔዳሉ ኩሽኔታ በሚገባበት ቱቦ ዙሪያ ያለውን ብየዳ እዩት፣ ፎቶው 4ኛው ላይ አለ። ሌላው ቦታ ላይ ብየዳው እንደ ብር ያበራል፣ ጎበዝ በያጅ እንደሠራው ያስታውቃል። እዚያ ጋ ግን ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ይጀምርና አውራ ጣት በምታህል ቦታ ላይ አመድማ ይሆናል፣ በጥፍር ሲነካ ዱቄት አለው። ኩሽኔታውን አስፈትቼ በስልክ መብራት ውስጡን ሳይ ከውጭው ይብሳል። ታይታኒየም ሲግል አየር አይወድም፣ ኦክስጅንና ናይትሮጅን ይመጥና እንደ ሸክላ ይሰባበራል። ለዚህ ነው ሲበየድ ከውጭም ከቱቦው ውስጥም አርጎን ጋዝ የሚለቀቅለት። ቀለሙ የሚናገረው ጋዙ እንዳልደረሰ ነው። የሠራው ውጭ አገር ያለ ወርክሾፕ ነው ልትሉ ነው፣ እሺ፣ ገንዘቤን የተቀበላችሁት ግን እናንተ ናችሁ። ይሄ ቦታ የእግሬን ጉልበት ሁሉ የሚሸከም ነው። ቁልቁለት ላይ በሰዓት 60 እየሄድኩ ልፈትነው?

እዚህ ያሉ በያጆች ይጠግኑታል ብላችሁም እንዳትመክሩኝ። ሰፈሬ ያለው በያጅ በርና መስኮት ሲሠራ የሚያህለው የለም። ይሄን ሳሳየው ግን እጁን አነሳ፣ «ይህን አልነካም» አለ። ከእናንተ ይልቅ እሱን አመንኩት።

የምፈልገው እንዲህ ነው። ወይ ፍሬሙ በቅጹ ላይ ባለው ልክ እንደገና ይሠራ፣ ስንት ሳምንት እንደሚፈጅም በጽሑፍ ይሰጠኝ፤ ወይ ገንዘቤ ሙሉ በሙሉ ይመለስ። ማጓጓዣው በሁለቱም መንገድ በእናንተ ነው። ቅናሽ አልፈልግም። ቦርሳና የውሃ ኮዳ በስጦታ እንልካለን ያላችሁትንም አልፈልግም። ሩባቩ ዘንድሮ አልፎኛል፣ እሱን የሚመልስልኝ የለም።

እስከ ሐምሌ 10 መልስ እጠብቃለሁ። ካልመጣ ቅጹን፣ ፎቶዎቹንና የባንክ ደረሰኙን ይዤ ለሸማቾች ጉዳይ እሄዳለሁ፣ ይሄን ደግሞ ለማስፈራራት አይደለም የምላችሁ፣ እንድታውቁት ነው።

ስትደውሉ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ይሁን፣ ሥራ ላይ አላነሳም። የምትደውሉትም ቅጹን ከፊታችሁ ዘርግታችሁ ይሁን። ብስክሌቱን ፈታትቼ ወደ ሳጥኑ መልሼዋለሁ፣ ሳሎን በሩ ጀርባ ቆሟል፣ ባለቤቴም በየቀኑ መቼ ነው የሚወጣው ትለኛለች። ማን መጥቶ እንደሚወስደውና ቀኑን ብቻ ንገሩኝ።

ደንበኛችሁ
ባህር ዳር