ግልጽ ደብዳቤ ለትምህርት ሚኒስቴር፦ «ደብል መምታት» የት ገባ?

ጤና ይስጥልኝ። በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ፦ ከክፍሏ የቀደመች ልጅ ተፈትና ክፍል እንድትዘል፣ ማለትም «ደብል እንድትመታ» የሚፈቅድ መመሪያ እንዲኖር ነው የምጠይቀው።

ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ሁለተኛ ክፍል። ክረምቱን ሙሉ የአክስቷን ልጅ የአራተኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ ይዛ ከረመች፤ ማንም ሳያስጠናት ክፍልፋይን ጨርሳ ወጣች። ክፍል ውስጥ ግን ሥራዋ መጠበቅ ነው። መምህሯ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ያን ሁሉ ልጅ ይዛ ምን ታድርግ፣ «አንቺ እጅሽን አታውጪ፣ ሌሎቹ ይሞክሩ» ትልና የጓደኞቿን ደብተር ታሳርማታለች። መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር። አሁን ሰኞ በመጣ ቁጥር «ሆዴን አመመኝ» ጀምራለች።

ርዕሰ መምህሩ «መመሪያ የለኝም፣ ወረቀት ካመጡልኝ ነገውኑ ላይኛው ክፍል አስገባታለሁ» አሉኝ። ወረዳ ስሄድ ደግሞ «ምን አስቸኮላችሁ?» ተባልኩ።

አባቴ ይህን ሲሰማ ሳቀ። እሱ ከብት ሲጠብቅ ቆይቶ በአሥር ዓመቱ ነው የተመዘገበው፣ ሁለት ጊዜ ደብል መትቶ እኩዮቹ ላይ ደረሰ። ያኔ መምህሩ ፈትኖት፣ በመንፈቅ ዓመቱ ወደ ላይኛው ክፍል ሰደደው፣ አለቀ። ቄስ ትምህርት ቤትም እንደዚያው ነው፤ ፊደል የለየ ልጅ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ እያለ ወደ ዳዊት ያልፋል እንጂ «እኩዮችህ እስኪደርሱ ቁጭ በል» አይባልም።

«ትልልቆቹ መሀል ትጨነቃለች» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እኔም ፈርቼ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጁሊያን ስታንሊ እ.ኤ.አ. በ1971 የጀመሩት፣ በሒሳብ የቀደሙ ልጆችን ለዓመታት የሚከታተል ጥናት አለ። ከዚያው የወጣና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ውጤት፣ ትምህርታቸውን ያፋጠኑ ልጆች ከ35 ዓመት በኋላም ሥነ ልቦናቸው እንዳልተጎዳ አሳይቷል። አገሩ ሌላ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ቢያንስ ፍርሃቱ ብቻውን በር መዝጊያ አይሁን።

በእርግጥ «የኔ ልጅ ጎበዝ ናት» የማይል ወላጅ የለም። የአንድ ዓመት ክፍያ ለመቆጠብ ብሎ ልጁን የሚገፋም አይጠፋም። ለዚህ ነው በእኔ ቃል አሳልፏት የማልለው። የላይኛውን ክፍል ፈተና በሁሉም ትምህርት ትፈተን፣ አማርኛ ላይ ከወደቀች ትቅር። መምህራኑ ይናገሩ። እሷም ትጠየቅ፤ ካልፈለገች ነገሩ እዚያው ያብቃ። ካለፈች ለአንድ ወር ትሞከርና ካልሆነላት ያለ ሐፍረት ትመለስ። አሜሪካኖቹ አንድ ልጅ ክፍል ይዝለል ወይስ አይዝለል ብለው ለመወሰን የሚጠቀሙበት፣ የአዮዋ መመዘኛ የሚሉት ነገር ወንድም ወይም እህት ያለበት ክፍል ውስጥ ማስገባትን እንኳ ይከለክላል፣ እዚህ ድረስ አስበውበታል።

ሙሉ ክፍል መዝለሉ ከከበደ፣ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ብቻ አራተኛ ክፍል ገብታ ትማር። ይህ በጀትም አይጠይቅም፣ አንድ ወንበር ነው። ብቻ ስድስተኛ ክፍል ፈተና ስትደርስ «ዕድሜሽ አልደረሰም» እንዳትባል በጽሑፍ ይሁንልኝ።

ሁለተኛው ሴሚስተር የካቲት ላይ ይጀምራል። ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን እየጠበቁ ነው።