ለደንበኞቻችን፦ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ ስለማንሸጥበት ምክንያት

የተከበራችሁ የቱሉ ዲምቱ ደንበኞቻችን፣

ብዙዎቻችሁ እንደተቀየማችሁብን ሰምቻለሁ። በፋሲካ ዋዜማ ልጃችሁን ባዶ ሳጥን አስይዛችሁ ልካችሁት ቢራውን ሳያመጣ የተመለሰባችሁ አላችሁ። መታወቂያ ሲጠየቅ "እኔን ነው?" ብሎ ጥሎን የወጣ ጎልማሳም አለ። በዓላችሁ ላይ ቅር ስላሰኘናችሁ ይቅርታ። ውሳኔው ግን ይቀጥላል። ምክንያቱን ከሰው አፍ ሳይሆን ከእኔው እንድትሰሙት ብዬ ነው የምጽፈው።

"ጠግባ ነው" ተብያለሁ። ይህ ነገር ከውስጤ አልወጣም። እዚህ ሰፈር ስገባ ለኮንዶሚኒየሙ ውሃ በወጉ አይመጣለትም ነበር። በጄሪካን እያስቀዳሁ ብርጭቆ ያጠብኩበትን ጊዜ የቆያችሁት ታውቃላችሁ። መብራት ሲጠፋ በሻማ አብራችሁኝ አምሽታችኋል። ሐዘን ሲደርስብኝ ድንኳን የተከላችሁልኝ እናንተ ናችሁ። እናንተ ላይ የምጠግበው በምን አንጀቴ ነው?

ትርፉም ቢሆን የሚያጠግብ አይደለም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ጀምሮ፣ ያልጨመረ ነገር የለም። የቢራው ሳጥን ጨመረ፣ ኪራዩ ጨመረ። የሠራተኞቼንም ደመወዝ መጨመር ነበረብኝ፤ እነሱም ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ዓርብ ማታ ቤቴን የሚሞሉት ደግሞ ወጣቶች ነበሩ። ጆተኒውንም አስወጥቻለሁ፤ ዩኒፎርም ሳያወልቁ የሚመጡት እሱን ብለው ነበርና። ለገንዘብ ብዬ ቢሆን ይህን ሁሉ አላደርግም ነበር።

ሕጉ አዲስ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። የቢራ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን የጠፋውም በዚሁ አዋጅ ነው። ግራ የሚያጋባው የቀበሌ መታወቂያ በ18 ዓመት መሰጠቱ ነው። ልጁ "ማዘር፣ ይኸው መታወቂያዬ" ይላል፤ ስናየው 19 ዓመቱ ነው። አልዋሸም። እኛ ግን ልንሸጥለት አንችልም።

ታዲያ ለምን አሁን? አሁን ነዋ ነገሩ ደጃችን የደረሰው። አረቄ በሃይላንድ ተቀድቶ ከብሎክ ጀርባ ሲዞር፣ ጠጥቶ ክፍል የገባ ተማሪም ሲገኝ፣ የዕድራችን እናቶች "ዝም አንልም" ብለው ተነሡ። ከትምህርት ቤቱ ወላጅ መምህራን ኅብረት ጋር ሆነው እኛን የግሮሰሪ ባለቤቶቹንም ሰበሰቡን። መታወቂያ ሳናይ ላንሸጥ፣ ለተላከ ልጅ ላንሰጥ፣ ድራፍትም ሆነ አረቄ በፕላስቲክ ቀድተን ወደ ውጭ ላናወጣ ተስማማን። በኋላ ቃሉን የበላ አለ፤ ስሙን አልጠራም። እኔ የመለስኩት ልጅ ሁለት ሱቅ አልፎ ካገኘ ግን የእናቶቹ ድካም ከንቱ ነው።

በጣም የተከፋችሁት "አባትየው የላከውን ልጅ እንዴት ትመልሳለች" ብላችሁ ነው። እውነት ነው፣ አብዛኞቹን ልጆች በስም አውቃቸዋለሁ። ግን ቢራ ይዞ ከበሬ የወጣ ልጅ ለማን እንደያዘ አላውቅም። ሁለት ልጆች "አባቴ ልኮኝ ነው" ቢሉኝ አንዱን አምኜ ሌላውን ውሸታም ልለው ነው? ሠራተኞቼም ሁሉንም ሰው መታወቂያ የሚጠይቁት በእኔ ትእዛዝ ነው። በመልክ ቢመርጡ ጥሉ ይብስ ነበር። እባካችሁ እነሱን አትቆጧቸው።

"እኛም በልጅነታችን ጠላ ቀምሰናል" ያላችሁኝም አላችሁ። እኔም እናቴ ስትጠምቅ ጉሹን ቀምሻለሁ። ነገር ግን እናቴ አጠገቤ ነበረች፤ ጣሳውን ከእጄ የምትቀበለኝም እሷ ነበረች። ከብሎክ ጀርባ አረቄ ሲዞር ማን ይቀበላቸዋል? በስብሰባው ላይ የጤና ባለሙያዋ እንዳስረዳችን የሰው አእምሮ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ እድገቱን አይጨርስም። በለጋነቱ መጠጥ የጀመረ ልጅ ደግሞ ኋላ በሱስ የመያዝ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ይህን ከሰማሁ በኋላ እንደ ድሮው መቅዳት አልቻልኩም። ልጆቻችሁ እጄ ላይ ነው ያደጉት፤ "እትዬ" እያሉ ከረሜላ የወሰዱልኝ ልጆች ናቸው።

መምጣት የተዋችሁ ደንበኞቼ ሆይ፣ እባካችሁ ተመለሱ። ሌላ ቤት እየሄዳችሁ መሆኑን አይቻለሁ፤ አልቀየምም፣ ግን ያመኛል። ቅር ያለው ሰው ገብቶ ፊት ለፊት ይንገረኝ፤ ቡናው ከእኔ ነው።

ለስላሳና ውሃ እንደ በፊቱ ልጅ ልካችሁ መውሰድ ትችላላችሁ። ቢራ ስትፈልጉ ደውሉልን፤ ሠራተኞቻችን ያለ ተጨማሪ ክፍያ እስከ በራችሁ ያደርሳሉ፤ የሚቀበላቸው ግን ትልቅ ሰው ይሁን። በፋሲካ ዋዜማ ልጆቹ ትተውት የሄዱት ባዶ ሳጥን ስማችሁ ተጽፎበት ጓዳ ተቀምጧል። በሚመቻችሁ ሰዓት መጥታችሁ ውሰዱት፣ ወይም በላዩ ቢራ ሞልተን እንላክላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የግሮሰሪው ባለቤት