የታሪክና የቅርስ ክበብ ዘገባ፦ «ሳንቲሙ የት ተመታ?»

ክበባችን በዚህ ዓመት ያተኮረው ጥንታዊ ሳንቲሞች የት እንደተመቱ በሚያሳዩ ጥቃቅን ምልክቶች ላይ ነው። መነሻ የሆነን አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የአያቷን ጠገራ ብር ይዛ መጥታ፣ 1780 የሚለውን ቁጥር እያሳየች፣ «በእርግጥ ያኔ የተመታ ነው?» ብላ መጠየቋ ነበር።

ለመልሱ ሳምንታት ወስዶብናል። በጠገራ ብሩ ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በ1780 እ.ኤ.አ. ብታርፍም፣ ነጋዴው ያንኑ ብር ስለለመደ ዓመቱ ሳይለወጥ በቪየና፣ በለንደን፣ በፓሪስና በቦምቤይ ጭምር ሲመታ ኖሯል፤ ጣሊያን ለወረራው ስትዘጋጅ በ1935 እ.ኤ.አ. የመምቻውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዳ በሮም ማስመታት መጀመሯን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። ከምስሉ ሥር ያሉትን «ኤስ» እና «ኤፍ» የተባሉ የላቲን ፊደላት ብዙዎቹ የከተማ ምልክት አድርገዋቸው ነበር። ፊደላቱ ግን የጉንዝቡርግ ከተማ መምቻ ቤት ሹማምንት የነበሩት የሾብልና የፋቢ ስም መነሻዎች ስለሆኑና በኋላ በተመቱትም ላይ ስለተደገሙ፣ ብሩ የተመታበትን ቦታ ለመለየት የንግሥቲቱን የዕንቁ ጌጥና በጀርባው ያለውን የንስር የጅራት ላባ መመርመር ግድ ነው።

የዳግማዊ ምኒልክ ብር የተሻለ አስተማሪ ሆኖልናል። ክብደቱ እንደ ጠገራው 28 ግራም ያህል ሲሆን፣ ፓሪስ የተመታው «ኤ» የተባለችውን የላቲን ፊደል ይዟል፤ በፊደሏ ግራና ቀኝ ደግሞ ሁለት ሥዕሎች አሉ። አንደኛው ፍሬ የሞላበት ቀንድ፣ የመምቻ ቤቱ ምልክት ነው። ሁለተኛው የዋናው ቀራጭ ምልክት ሲሆን፣ ቀድሞ የበትር እስር ነበር፤ ፓቴ የተባለው ቀራጭ በ1896 እ.ኤ.አ. ሹመቱን ሲይዝ በችቦ ተተካ። ስለዚህ ችቦ ያለበት ሳንቲም፣ የተጻፈበት ዓመት ምንም ይሁን ምን፣ ከዚያ በፊት ሊመታ አይችልም። ተማሪዎቹ ይህን ራሳቸው አስበው ሲደርሱበት የተሰማኝን ደስታ መደበቅ አልችልም።

አንድ ያሳዘነን ነገር ደረሰ። አንድ አባላችን ሳንቲሙን ለማሳመር በሎሚና በአመድ ፈትጎት፣ ቀድሞም የሳሳው ምልክት ጨርሶ ጠፋ። ጥፋቱ አስቀድሜ ያላስጠነቀቅኩት የእኔ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሳንቲም የሚያዝ በጠርዙ ብቻ፣ የሚታይም በማጉያ መነጽር ሆኗል።

ምልክት የሌላቸው የ1936 ዓ.ም. ሳንቲሞች በዓመቱ መጨረሻ ሥራ ሆነውብናል። በፊላደልፊያ የተመቱት ከተማውን የሚናገር ፊደል የላቸውም፤ ዓመቱም ለብዙ ጊዜ ሳይቀየር ቆይቷል። ክቡ የ25 ሳንቲም ከብር ከተሠራው 50 ሳንቲም ጋር በመጠን በመቀራረቡ በኋላ ጠርዙ እየተሸነሸነ እንዲወጣ ተደርጓል።

የተማሪዋን ጠገራ ብር ዕንቁዎች ሦስት ጊዜ ቆጥረናል፤ ሁለቱ ቆጠራዎች አልተስማሙም፤ በመስከረም ከእሱ እንጀምራለን።