ገበሬው «አይታገሥም» ከማለታችን በፊት

ይድረስ ለተከበረው ዝግጅት ክፍል፦

በጅማ ዙሪያ የቡና ምርት ማነስ በተነሣ ቁጥር «አርሶ አደሩ የዛሬውን እንጂ የነገውን አያይም» የሚል ወቀሳ ይሰማል። በማስረጃነት የሚጠቀሱት ያረጀ ቡናውን አልጎነድልም (እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ግንዱን ዝቅ አድርጌ አልቆርጥም) ማለቱና ፍሬውን ገና ዛፍ ላይ እያለ በነሐሴ መሸጡ ናቸው። ሁለቱም የሚታዩ ነገሮች ናቸው። ምክንያታቸው ግን ስንፍናም አላዋቂነትም አይደለም፤ ወቀሳውም መፍትሔውን እያራቀብን ነው።

ለአንድ ሰው «ዛሬ 1,000 ብር ይሻልሃል ወይስ ከወር በኋላ 1,200?» ብትሉት ብዙውን ጊዜ የዛሬውን ይወስዳል። «ከዓመት በኋላ 1,000 ወይስ ከዓመት ከአንድ ወር በኋላ 1,200?» ሲባል ግን ያው ሰው መታገሥን ሊመርጥ ይችላል። በሁለቱም የሚጠበቀው አንድ ወር፣ የሚጨመረውም 200 ብር ነው። ይህ ጠባይ በሀብታሙም በተማረውም ይታያል። ገበሬው ላይ የሚብሰው ጎተራው ባዶ በሆነበት፣ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም በደረሰበት በነሐሴ ስለሚጠየቅ ነው። በነሐሴ 4,000 ብር ተቀብሎ በኅዳር 6,000 የሚያወጣ እሸት ቡና የሚያስረክብ ሰው በሦስት ወር 50 በመቶ ወለድ ከፈለ ማለት ነው። ስሌቱ ጠፍቶት ሳይሆን ሌላ አበዳሪ አጥቶ ነው።

ሌላው ምክንያት መተማመን ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ ለአንዱ የሕፃናት ቡድን አዋቂው የተሻለ የሥዕል ዕቃ አመጣለሁ ብሎ አመጣ፤ ለሌላው ቃሉን አጠፈ። ቀጥሎ «ይህን ጣፋጭ ሳትበሉ ከጠበቃችሁኝ ሁለት ታገኛላችሁ» ተባሉ። ቃል የተጠበቀላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ሲታገሡ፣ የተካዱት 3 ደቂቃ ያህል ብቻ ቆዩ። የኅብረት ሥራ ማኅበርም እሸት ቡና ሲረከብ የመጀመሪያ ክፍያ ይሰጣል፤ የትርፍ ክፍፍሉ የሚመጣው ከወራት በኋላ ነው። ቀኑ ካልታወቀና አሠራሩ ካልተነገረው ለገበሬው ላም አለኝ በሰማይ ነው። ዋጋ ቀንሶም ቢሆን ብሩን በእጁ ለሚቆጥርለት ነጋዴ ቢሸጥ ማን ይፈርድበታል? የርክክብ ደረሰኙ ላይ ኪሎው፣ የመጀመሪያው ዋጋና የክፍፍሉ ቀን ይጻፍ፤ የሚዘገይ ከሆነም ቀኑ ሳይደርስ ይነገረው።

ጉንደላውን ሰፋ አድርጌ ላንሣው፤ ብዙ የሚበላሸው እዚህ ነውና። ያረጀ ዛፍ ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሳንቲሜትር ላይ ሲቆረጥ በዚያ ዓመት ፍሬ የለም፤ በሁለተኛው ጥቂት ይገኛል፤ ደኅና ምርት የሚጠበቀው ከሦስተኛው ነው። ማሳህን በሙሉ ቁረጥ ተብሎ እምቢ ያለ ሰው አልተሳሳተም። ማሳው ለአራት ተከፍሎ በየዓመቱ ሩቡ ብቻ ይጎንደል፤ የቀረው ቤቱን ያኖራል። በተገለጠው መሬት ላይ ከጉቶው ራቅ አድርጎ ቦሎቄ ቢዘራ በወራት ውስጥ ይደርስለታል። ሥራው ለቀማው አልቆ ዝናብ ሳይገባ፣ በጥርና በየካቲት ነው። ውኃ እንዳይቋጥር ዘንበል ተደርጎ በመጋዝ ይቆረጥ፤ ገጀራ ግንዱን ይሰነጥቀዋል፣ በስንጥቁም በኩል ይበሰብሳል። ጉቶው ብዙ ቀንበጥ ሲያወጣ ጠንካሮቹ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ተትተው ሌሎቹ ይነቀሉ። ይህ ሲረሳ ቀጫጭን ግንድ ይበዛና በሦስተኛው ዓመት ፍሬ ይጠፋል፤ ጎረቤትም አይቶ «ጉንደላ ውሸት ነው» ይላል። ያን ማሳ ያየ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ስለ መታገሥ ቢነገረው አይሰማም። ቅጠሉን አጠውልጎ ዛፉን የሚያደርቀው በሽታ የያዘው ቡና ጨርሶ አይጎንደል፤ ከነሥሩ ተነቅሎ ይቃጠል። መጋዙም በሽታ እንዳያዛምት በእሳት ወይም በአልኮል ይጽዳ።

ገበሬውን እንዲጎነድል የምንጠይቅበት ወቅትም ይለወጥ። በምዕራብ ኬንያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት፣ ምርት በተሰበሰበ ማግስት፣ ገንዘቡ ገና በእጅ እያለ፣ ማዳበሪያን «በነጻ ቤት ድረስ እናመጣላችኋለን» ብሎ አስቀድሞ መሸጥ፣ ቆይቶ በ50 በመቶ ቅናሽ ከመሸጥ ያላነሰ ውጤት አምጥቷል። በማና፣ በጎማም ሆነ በሊሙ የልማት ሠራተኞች የጉንደላ ምዝገባውን እሸት ቡና በሚሸጥባቸው ሳምንታት እዚያው ርክክብ ቦታው ላይ ቢያደርጉት ይበጃል። ማኅበሩም ገበሬው በፈቀደው መጠን ከእያንዳንዱ ኪሎ ሁለትም ሦስትም ብር እያስቀረ፣ በነሐሴ የሚከፈል ቁጠባ ይያዝለት። ዕቁብ የሚጥል ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ብሩ ቤት ቢቀመጥ እንደማይቆይ አውቆ ነው ለሰብሳቢው የሚሰጠው። ከነሐሴ በፊት ማውጣት ለሕመምና ለሐዘን ይፈቀድ፤ ጨርሶ ከተዘጋ ማንም አያስገባም።

አንድ የቡና ግብርና ባለሙያ
ከጅማ