ኮምፓሷን አትንቀሏት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የትንንሽ አውሮፕላን ኤሌክትሪክ ስጠግን ነው የኖርኩት። አሁን ጡረታ ወጥቼ ጅማ ነኝ። ሰሞኑን አንድ ወጣት ፓይለት «ጋሼ፣ አቅጣጫ የሚያሳይ ስክሪን እያለ ያቺ የማግኔት ኮምፓስ ምን ትሠራለች?» አለኝ። ደነገጥኩ።

አንድ ክረምት እዚሁ ጅማ፣ ባለ አራት መቀመጫ አውሮፕላን ሊነሳ ሲል ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠፋ። ተመልሶ ሲበራ አቅጣጫው ከማኮብኮቢያው 30 ዲግሪ ያህል ዞሯል። ፓነሉን ፈታሁት። የግራውንድ ሽቦው፣ ኤሌክትሪኩን ወደ አውሮፕላኑ አካል የሚመልሰው፣ ጫፉ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። በጣቴ ስነካው ተወዛወዘ። የአቅጣጫው ችግር ግን ሌላ ነበር፦ ክንፉ ውስጥ፣ የምድርን ማግኔት ከሚለካው ዕቃ አጠገብ፣ በናስ ብሎን ፈንታ የብረት ብሎን ታስሯል። ብረት ደግሞ ልኬቱን ያዛባል።

ዲናሞው ከሞተ ባትሪ ጥቂት ያቆያል፣ ከዚያ በቃ። ኮምፓሷ ግን መብራት አትጠይቅም። ልጆቼ፣ የመጠባበቂያውን ባትሪ ፈትኑ። ማኮብኮቢያው ላይ ስትቆሙ ስክሪኑን ከኮምፓሷ አስተያዩ። ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ኋላ ዜሮ ጨምሩበት፤ አቅጣጫው በግምት እሱ ነው። ካልገጠመ አትነሱ።

የቀድሞ የአውሮፕላን ኤሌክትሪሻን፣ ከጅማ